ሁለት አባ ጅፋር፣ ሁለት ሰቃ፦ የጅማን የታሪክ ቦታዎች በአንድ ቀን ለማስጎብኘት

መምህር_ዘአዌቱ ጠየቀ፦

ለ9ኛ ክፍል የታሪክ ክበብ የአንድ ቀን ጉብኝት እያዘጋጀሁ ነው። 45 ተማሪዎች ናቸው፤ ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ አንወጣም። ከጉዞው በፊት አንድ ገጽ ማስታወሻ አባዝቼ ማደል አለብኝ፤ የተያዝኩትም እዚሁ ላይ ነው። አንዱ ጽሑፍ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ መንግሥቱን መሠረቱ ይላል። ሌላው ለዐፄ ምኒልክ የገበሩት እሳቸው ናቸው ይላል። ሦስተኛው እስከ 1932 ያነግሣቸዋል። ተደምሮ መቶ ዓመት ዙፋን ላይ ሊቀመጡ ነው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሰምቶ ዝም አይልም።

የምፈልገው የነገሥታቱን ተራ ከነዝምድናቸው፣ በአንድ ቀን የሚዳረሱትን ቦታዎች በየትኛው ተራ ብንሄድ እንደሚሻል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትንም ነው። «ታላቅ ንጉሥ ነበሩ» የሚል ውዳሴ በሽ ነው፤ እሱ ይቅርብኝ።

---

የኬላ_ጠባቂ መለሰ፦

መምህር፣ ሁለት አባ ጅፋሮች ናቸው። ጽሑፎቹ «1ኛ» እና «2ኛ» የምትለዋን ስለሚዘሉ ነው አንድ ሰው የሚመስለው።

ከስሙ ጀምርላቸው። «አባ እገሌ» የፈረስ ስም ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክን አባ ዳኘው እንደምንለው። አባ ጅፋር ማለት «ጅፋር» የሚባለው ፈረስ ጌታ ነው። የመጀመሪያው የተወለዱበት ስም ሳና፣ የሁለተኛው ቱሉ ነው። ማስታወሻው ላይ ሁለቱንም ስም አብረህ ጻፍ፤ ግማሹ ግራ መጋባት እዚያው ያልቃል። «ሞቲ» ደግሞ ንጉሥ ማለት እንጂ የስም ክፍል አይደለም።

ተራው እንዲህ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፣ የቀደሙትን «ገደማ» እያልክ ጻፋቸው፦

አባ ጅፋር 1ኛ (ሳና)፣ የአባ መጋል ልጅ፣ 1830–1855
አባ ረቡ፣ የአባ ጅፋር 1ኛ ልጅ፣ 1855–1859
አባ ቦካ፣ የአባ ጅፋር 1ኛ ወንድም፣ 1859–1862
አባ ጎሞል፣ የአባ ቦካ ልጅ፣ 1862–1878
አባ ጅፋር 2ኛ (ቱሉ)፣ የአባ ጎሞል ልጅ፣ 1878–1932
አባ ጆቢር አባ ዱላ፣ የአባ ጅፋር 2ኛ የልጅ ልጅ፣ የመጨረሻው

አሁን ዝምድናውን ልብ በል። ብዙ ሰው 2ኛውን አባ ጅፋር «የ1ኛው የልጅ ልጅ» ይላቸዋል። አይደሉም። አባ ረቡ ከጎረቤት የጊቤ መንግሥታት ጥምር ጦር ጋር ሲዋጉ ሲሞቱ ዙፋኑ ወደ አጎታቸው ወደ አባ ቦካ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ በአባ ቦካ ቤት ነው የወረደው። ስለዚህ 1ኛው ለ2ኛው የአያታቸው ወንድም ናቸው። ሰሌዳ ላይ የዘር ሐረጉን ስትስል ከአባ መጋል ጀምር፤ ከአባ ጅፋር 1ኛ ከጀመርክ ቅርንጫፉ የሚንጠለጠልበት ታጣለታለህ።

ሌላው ወጥመድ ተመሳሳይ ስም ነው። አባ ጎሞል የሚባል የሊሙም ንጉሥ አለ (ቦፎ)። አባ መጋል የሚባል የጌራም ንጉሥ አለ። «አባ ዱላ» ደግሞ የጦር አዝማች ማዕረግ ሆኖም ይገኛል። ከስሙ ጎን የግዛቱን ስም ሳታስቀምጥ አትለፍ።

አስተዳደሩን በሦስት መስመር ንገራቸው። አገሩ በ60 ያህል «ቆሮ» ተከፍሎ እያንዳንዱ በአባ ቆሮ ይተዳደር ነበር፤ ከሥሩ «ገንዳ» (መንደር) አለ። ዳር ድንበሩ ላይ «ሞጋ» የሚባል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል። መግቢያ መውጫው ኬላ ነው፤ አባ ኬላ ነጋዴውን ይፈትሻል፣ ቀረጥ ይቀበላል። ተማሪዎቹ ኬላ የሚለውን ቃል ከአውቶቡስ መንገድ ስለሚያውቁት ቶሎ ይገባቸዋል።

---

ሐሙስ_ገበያ መለሰ፦

ስለ ቦታዎቹ። ከተራራው ወደ ሜዳው ውረድ እንጂ ከከተማው አትጀምር። ምክንያቱ ታሪኩ ራሱ እንዲያ ስለወረደ ነው፤ ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ ገበያው ሂርማታ ሜዳ ላይ ነበር፤ የዛሬዋ ከተማ የበቀለችው ከገበያው ነው። ከሂርማታ ከጀመርክ ተማሪው «ቤተ መንግሥቱ ለምን ከከተማ ወጣ?» ይልሃል፤ ጥያቄው ተገልብጦ ነው የሚመጣው።

ጅሬን ከመሀል ከተማ 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ዳገት ነው። 45 ልጅ በባጃጅ አይሆንም፤ አንድ አውቶቡስ ወይም ሁለት ሚኒባስ ያዝ። ጠዋት 2፡30 ተነሱ። ከሰኔ እስከ መስከረም ከሆነ ግን ተወው፤ ዝናቡና ጭቃው ዳገቱ ላይ ጊዜህን ይበላዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ይሻላል። ከባህልና ቱሪዝም ቢሮ የሚጻፈውን ደብዳቤ ከአንድ ሳምንት በፊት ጨርስ፤ የተማሪ ብዛትና ሰዓቱ ይገለጽበት። በር ላይ ቆሞ ስልክ መደወል 40 ደቂቃ ይወስዳል፣ ልጆቹም ይበተናሉ።

ቤተ መንግሥቱ የ2ኛው አባ ጅፋር ነው፤ ይህንንም ማስታወሻው ላይ ጻፍ። የእንጨት ሥራ ያለው ባለ ፎቅ ቤት ነው፤ ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ። ፎቁ ላይ 45 ልጅ በአንዴ አታውጣ። የቆየ እንጨት ነው፣ ደረጃውም ጠባብ ነው። በ15 በ15 ከፍላቸው፤ አንዱ ቡድን ፎቅ፣ አንዱ ምድር ቤትና በረንዳ፣ አንዱ ግቢውን፤ በየ25 ደቂቃው ይቀያየሩ። በ1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ያልቃል። አንድ ሥራ ስጣቸው፦ ከበረንዳው ላይ ሆነው ወደ ከተማው የሚታየውን በእርሳስ ይሳሉ። ንጉሡ ገበያውንና መንገዱን ከላይ ያይ እንደነበር ያለ ገለጻ ይገባቸዋል። መስጊዱ የሚሰገድበት ነው፤ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶቹ ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ። ስለዚህም ዓርብን ተወው።

ቀጥሎ የነገሥታቱ መካነ መቃብር አለ፣ ከቤተ መንግሥቱ ብዙም አይርቅም። እዚያ የምታስተምረው የዘር ሐረጉን ነው፤ ኬላ ጠባቂ ከላይ የጻፈውን ገጽ በእጃቸው ይዘው ይቁሙ። 20 ደቂቃ በቂ ነው።

ከዚያ ወደ ሂርማታ ውረዱ። የጥንቱ ትልቅ ገበያ ቀን ሐሙስ ነው። ሐሙስ መሄድ ጥሩም መጥፎም ነው፤ ጥሩው ገበያው ራሱ መናገሩ ነው፣ መጥፎው አውቶቡስ የማይገባ መሆኑ ነው። አውቶቡሱን ከገበያው ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ በእግር ግቡ፤ ለ10 ተማሪ አንድ መምህር ወይም ወላጅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንኳ በበጋ ወራት ጥሩ በሆነ ቀን እስከ 30 ሺህ ሰው የሚሰበሰብበት ገበያ ነበር። ልጆቹ ሽያጭ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከየት እንደመጣ ጠይቀው ይጻፉ፤ ቡና፣ ማር፣ ኮረሪማ፣ በርበሬ። የድሮው መንገድ በዛሬው ጭነት ላይ ይታያል።

ከምሳ በኋላ ሙዚየም። ጠዋት ሙዚየም ከገቡ ጅሬን ላይ ዓይናቸው ይደክማል። የአባ ጅፋር ዕቃዎች ያሉት እዚያ ነው፤ ቤቱን አይተው ዕቃውን ቢያዩ ነው የሚገጣጠመው። ባለ ሦስት እግር በርጩማውን ሳያዩ እንዳይወጡ። መቀመጫውም እግሮቹም ከአንድ ግንድ ይፈለፈላሉ፣ ብዙውን ጊዜ ከዋንዛ፤ ምስማር የለበትም፣ ማጣበቂያም የለበትም። ሦስት እግር የሆነውም ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ ስለማይነቃነቅ ነው። የፊዚክስ መምህር ብታስከትል ደስ ይለዋል።

---

ዝባድና_አሞሌ መለሰ፦

ሁለቱም ጥሩ ብለዋል፤ ግን ጅማን ብቻ ነጥሎ ማስተማር ልጆቹ ዙሪያው ባዶ የነበረ እንዲመስላቸው ያደርጋል። የጊቤ መንግሥታት አምስት ናቸው፦ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራ፣ ጅማ። ጅማ ከሁሉ ትልቅ የሆነችው ኋላ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኃይሉ የሊሙ ነበር፤ አባ ባጊቦ (ኢብሳ) እ.ኤ.አ. ከ1825 እስከ 1861 ሲገዙ ዋና ከተማቸው ሰቃ የነጋዴ መናኸሪያ ነበረች። ከከፋ የመጣ ዝባድ (ከጥርኝ የሚወጣ ሽቶ)፣ ኮረሪማ፣ የዝሆን ጥርስ በሰቃ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም፣ ከዚያ ጎንደርና ምጽዋ ይደርሳል። ከሰሜን የሚመጣው አሞሌ ጨውና ጠገራ ብር ነው።

ጅማ ያንን እንዴት ነጠቀች? መልሱ መንገድ ነው። አባ ጅፋር 1ኛ እ.ኤ.አ. በ1847 ባዲ ፎላ የሚባለውን አገር ሲይዙ ከከፋ ወደ ሸዋ የሚሄደው መንገድ በእጃቸው ገባ። ነጋዴ ወደ ሸዋ ሲያዞር ሰቃ ቀዘቀዘች፣ ሂርማታ ሞቀች። ለማስታወሻህ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቦታ ቢኖርህ ይህን ጻፍ እላለሁ።

አሁን ስህተቱ። ከጅማ በቦንጋ መንገድ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ሰቃ ጨቆርሳ አለ። ብዙ ሰው የአባ ባጊቦን ከተማ እዚያ ያደርጋታል። አይደለም፤ የአባ ባጊቦ ሰቃ በሊሙ በኩል ነው፣ ዛሬ ሊሙ ሰቃ የሚባለው ወረዳ ስሙን ይዞታል። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ናቸው። በካርታ ላይ «ሰቃ» ብቻ ብለህ ብትፈልግ ቅርቡን ነው የሚያወጣልህ።

የወረዳ ስሞቹን እንደ መልመጃ ተጠቀምባቸው። የጅማ ዞን ካርታ ስጣቸውና አምስቱን መንግሥታት ያግኙ፦ ጎማ ወረዳ (አጋሮ ያለችበት)፣ ጉማይ፣ ጌራ፣ ሊሙ ሰቃና ሊሙ ኮሳ። ጅማ ራሷ የዞኑ ስም ሆነች። ከ150 ዓመት በፊት ድንበር የነበረው ዛሬ የወረዳ መሥመር ነው፤ ልክ በልክ አይገጥምም፣ ስሙ ግን አለ።

አንድ ቃል ልጨምር። የነጋዴ ሰፈር በጊቤ አገሮች «መንደራ» ይባል ነበር። ጅማ ውስጥ መንደራ ቆጪ፣ አዌቱ መንደራ የሚሉ ቀበሌዎች አሉ። እዚያ የሚኖሩ ተማሪዎችህ የሰፈራቸው ስም ከየት እንደመጣ ቢሰሙ ከቤተ መንግሥቱ በላይ ሊገርማቸው ይችላል።

---

ቀን_ቆጣሪ መለሰ፦

ዓመተ ምሕረቱ ላይ አንድ ነገር። መምህር፣ ማስታወሻህ ላይ አንዱን አቆጣጠር ምረጥና እስከ መጨረሻው ያዝ። ጽሑፎች የማይስማሙት ግማሽ ጊዜ በዚህ ነው፤ አንዱ ከውጭ መጽሐፍ 1932 ይገለብጥና «ዓ.ም.» ይለጥፍበታል። እንደዚያ ከሆነ አባ ጅፋር በጣሊያን ወረራ ዘመንም በሕይወት ነበሩ ማለት ይሆናል።

ሕጉ ቀላል ነው። የፈረንጁ ቀን ከመስከረም 1 (ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ 12) እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ከሆነ 7 ቀንስ፤ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን ማብቂያ ከሆነ 8። ወሩ ካልታወቀ ሁለቱንም ጻፍ፣ 1830 ከሆነ «1822/23» ብለህ።

አባ ጅፋር 2ኛ ያረፉት በሴፕቴምበር 1932 ነው። ሴፕቴምበር ደግሞ ሁለቱን ዓመት የሚከፍል ወር ነው፤ ስለዚህ 1924ም 1925ም ተጽፎ ብታገኝ አንዱ ጸሐፊ ዋሽቷል ማለት አይደለም። በፈረንጁ ዓመት ጻፈውና እለፍ።

የተረጋገጡ ሁለት ቀኖች ለመልመጃ፦ የእምባቦ ጦርነት ጁን 6፣ 1882 ሲሆን በእኛ 1874 ነው። ጅማ ከጣሊያን የተያዘችው ጁን 21፣ 1941 ሲሆን ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ጁን ስለሆኑ 8 ይቀነሳል።

---

መምህር_ዘአዌቱ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። እምባቦ ከጅማ ጋር ምን አገናኘው? ሁለተኛው ይከብዳል፤ የባሪያ ንግዱን ነገር ለ9ኛ ክፍል እንዴት ላንሣው? ሂርማታ ላይ ቆሜ ስለ ቡናና ማር ብቻ ባወራ የማታልላቸው ይመስለኛል።

---

የኬላ_ጠባቂ መለሰ፦

እምባቦ ላይ የተዋጉት ሸዋና ጎጃም ናቸው፤ የምኒልክ ጦር በራስ ጎበና ዳጬ እየተመራ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ጦር አሸነፈ። የተዋጉበት ነገር ግን የጊቤው አገርና ንግዱ ነው። ማን እንደሚያሸንፍ ሲታወቅ አባ ጅፋር 2ኛ ሳይዋጉ ገበሩ። ምክር የሰጡት እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ናቸው ተብሎ ይነገራል። «ጉሚቲ» ማለት የጉማዋ እንደማለት ነው፤ የንግሥት ስም ከመጣችበት አገር ሲወጣ የጊቤ ነገሥታት እርስ በርስ በጋብቻ እንደተሳሰሩ ያሳያል። ሴት ታሪክ ሠሪ ከፈለግህ ከእሷ ጀምር።

የመገበሩ ዋጋና ትርፍ በአንድ ላይ ይነገር። ግብር ይከፈላል፣ ጦር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1897 ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ከፋ ላይ ሲዘምቱ የጅማ ጦር አብሮ ነበር። በለውጡ ጅማ ውስጥ የሚገዙት አባ ጅፋር ሆነው ቀሩ፤ በዚያ ዘመን ያንን ያገኘ ጥቂት ነው። እሱም እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) ቆየ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ያን ዓመት ጅማን በቀጥታ በማዕከል ሥር አደረጉ፣ አባ ጆቢርም ታሰሩ። ጣሊያን ሲገባ ፈትቶ ሱልጣን አላቸው፤ ጣሊያን ሲወጣ እንደገና ታሰሩ፣ በመጨረሻ ተፈቱ። ከአባ ጆቢር ታሪክ ላይ ተማሪው ሦስት መንግሥት ያያል።

---

ዝባድና_አሞሌ መለሰ፦

ሁለተኛውን ልመልስ። አንሣው፤ ግን ሂርማታ ላይ ሳይሆን ጅሬን ላይ፣ ቤተ መንግሥቱ ፊት። ገበያው መሀል ብታወራው ተማሪው የዛሬውን ነጋዴ ማየት ይጀምራል። ጅሬን ላይ ግን «ይህን ቤት ማን ሠራው? የንጉሡን እርሻ ማን አረሰ?» ብለህ መጠየቅ ትችላለህ፤ ጥያቄው ወደ ሥልጣኑ ይሄዳል። የጊቤ ንግድ ዝባድና ኮረሪማ ብቻ አልነበረም፤ ከደቡብ በጦርነትና በወረራ የሚማረክ ሰው ይሸጥ ነበር፣ ነገሥታቱም ተጠቃሚ ነበሩ፣ ከኬላ ቀረጥ ያገኙበት ነበር። ይህን ቀጥ ባለ ዓረፍተ ነገር ተናገርና ቁጥር አትጨምር፤ በየቦታው የሚጻፉት ቁጥሮች እርስ በርስ አይቀራረቡም። «የእገሌ ብሔር ባሪያ ነበር» የሚል አነጋገር ደግሞ ፈጽሞ አይግባ፤ ክፍል ውስጥ የዚያ ብሔር ልጅ አለ።

---

ሐሙስ_ገበያ መለሰ፦

ከሙዚየም በኋላ 1 ሰዓት ከተረፈህ ፈረንጅ አራዳ የሚባለውን ሰፈር በእግር አልፉ። ጅማ የጣሊያን የ«ጋላና ሲዳሞ» ግዛት ዋና ከተማ ነበረች (ስሙን እንደ ታሪክ ቃል ብቻ ጥቀሰው፣ ዛሬ ስድብ ነው)፤ የከተማው መሀል ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች ከዚያ ጊዜ ናቸው። ሥራው እንዲህ ይሁን፦ ሁለት ሁለት ሆነው አንድ የቆየ ሕንፃ ይምረጡ፣ በረንዳውን፣ የመስኮቱን ቅርጽ፣ ጣሪያውን ይሳሉና ጅሬን ላይ ከሳሉት ጋር ያነጻጽሩ። ስለ 1933 ዓ.ም. ስታወራ የእንግሊዝን ጦር ብቻ አትጥራ፤ በጅማ ዙሪያ የነበሩትን የገረሱ ዱኪን አርበኞች ጨምር።

ዩኒቨርሲቲውን ከአውቶቡስ ውስጥ ንገራቸው፣ መውረድ አያስፈልግም፦ እ.ኤ.አ. በ1952 የተጀመረው የእርሻ ትምህርት ቤትና በ1983 የተቋቋመው የጤና ሳይንስ ተቋም በ1999 ተዋህደው ነው የአሁኑ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ደግሞም ማስታወሻህ ላይ «አባ ጅፋር» ስትል ከጎኑ «(ንጉሡ)» ብለህ ጻፍ። ጅማ አባ ጅፋር የሚባለው የእግር ኳስ ክለብ በ2010 ዓ.ም. ከታች አድጎ በመጣበት ዓመት የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ስለወሰደ ግማሹ ልጅ በመጀመሪያ የሚያስበው ኳሱን ነው።

---

መምህር_ዘአዌቱ፦

እሺ፣ ወስኛለሁ። ሐሙስ ነው፣ በታኅሣሥ። ቡድን በ15፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ መምህርና አንድ ወላጅ፤ ስድስት አዋቂ ስለሚሆኑ ሂርማታ ስንገባም ለ10 ልጅ አንድ ይደርሳል። የዘር ሐረጉ ከአባ መጋል ይጀምራል፤ ጀርባው ላይ የወረዳ ካርታ አለ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ወደ እኛ መቀየሩን ለልጆቹ መልመጃ አድርጌዋለሁ፣ ከሴፕቴምበር 1932 በስተቀር።

---

ቀን_ቆጣሪ መለሰ፦

እሱንም ስጣቸው እንጂ። ሁለት መልስ የሚወጣበትን ምክንያት የጻፈ ሙሉ ነጥብ ያገኛል።